የተያዙ ስሞች

የአርዲቦ አካባቢ የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበር ሥራ አመራር ኮሚቴ፣ ምልዓተ ጉባኤው መሟላቱን አረጋግጦ፣ ከጧት እስከ ዙሁር ሶላት በጥልቀት ከተወያየ በኋላ፣ የገበሬው የውሃ ተራ በኮምፒውተር ውስጥ የሚመዘገብበት ዓምድ ከዛሬ ጀምሮ በእንግሊዝኛ «ኦርደር» ተብሎ እንዲጠራ በሙሉ ድምፅ ወስኗል። ቃለ ጉባኤው ተፈርሟል፤ ማኅተምም አርፎበታል። የመጀመሪያው ማኅተም ስላልደመቀ ሁለተኛም አርፎበታል።

ሐይቅ ከተማ ባለው የማኅበሩ ቢሮ ይህን ውሳኔ የተቀበለው የመረጃ ባለሙያው ባድሩ ነበር። አንብቦ ሲጨርስ ዓይኑን ጨፈነ። እንቅልፍ አልነበረም፤ እዚህ ቢሮ ከገባ ወዲህ የለመደው ዕረፍት ይህ ብቻ ስለሆነ ነው።

አሁን ግን ሊገላገል ተቃርቧል። ትውልድ አገሩ ውጫሌ፣ እናቱ ቤት አጠገብ ሥራ አግኝቷል። ሰኞ ካልተገኘ ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል። የጎደለው አንድ ነገር ነው፤ ከሥራ በሚለቅበት ክሊራንስ ላይ የሊቀ መንበሩ የሼህ ኑርዬ ፊርማ። ሼህ ኑርዬ ደግሞ ቁርጡን ነግረውታል፦ የተራው ዝርዝር በውሳኔው መሠረት ታትሞ ግድግዳ ላይ ሳይለጠፍ ብዕር አያነሱም።

«ሼህ ኑርዬ፣ ይሄ ስም አይሆንም» አላቸው።

«ለምን ሲባል?»

«ማሽኑ ለራሱ የያዛቸው ቃላት አሉ። ይሄኛው ‹ደርድር› ብለን የምናዝበት ቃል ነው። ዓምዱንም በሱ ከጠራነው፣ ስም ይሁን ትዕዛዝ አይለይለትም። ልጅዎን ‹ና› ብለው ስም ቢያወጡለት፣ ጎረቤትን ‹ና› ባሉ ቁጥር እሱ ከች አይልም?»

ሼህ ኑርዬ ጺማቸውን እየዳበሱ አሰቡበት። ፍትሐዊ ሰው ናቸው፤ የሁሉንም ወገን ይሰማሉ።

«ማሽኑ ቃሉን የያዘው በየትኛው ስብሰባ ነው?»

«በስብሰባ አይደለም።»

«ቃለ ጉባኤ አለው?»

«የለውም።»

«እኛስ?»

«አላችሁ።»

«እንግዲያው!»

ቃሉን ለኮሚቴው ያቀረበው ጸሐፊው አሻግሬ ነበር፤ ዝም ብሎ አላለፈውም። «ከፕሮጀክቱ ሰነድ ላይ እኮ ነው የወሰድነው። ፈረንጁ የጻፈውን አንተ ልታርም ነው?»

«‹ተራ ቁጥር› ብንለውስ?»

«እሱማ አማርኛ ነው፤ ማን ያከብረዋል?»

ስሙን ለመቀየር ሌላ ስብሰባ ያስፈልጋል። ስብሰባው ደግሞ የሽንኩርቱ ችግኝ ተከላ እስኪያልቅ አይታሰብም። ባድሩ መከራከሩን ተወው። በሙያው ያለ ሰው ሁሉ ሲቸግረው የሚያደርገውን አደረገ፤ በማሽኑ ሆድ ውስጥ ዓምዱን በሌላ ስም ጠራው፣ በሚታተመው ወረቀት አናት ላይ ግን የኮሚቴውን ቃል አግዝፎ ጻፈ። ማሽኑ ሳያጉረመርም ተቀበለው። ኮሚቴውም ደስ አለው።

«አየህ፣ ቆጣ ካሉት ይሰማል» አለ አሻግሬ ማሽኑን በዓይኑ እየገረፈ።

ዝርዝሩ ተለጠፈ፤ ደስታው ግን ውሎ አላደረም። የሼህ ኑርዬ ስም ዝርዝሩ ውስጥ የለም። በቦዩ ራስ፣ የሳቸው መሬት ባለበት፣ የመጀመሪያውን ተራ ይዞ የተቀመጠው «ጥላዬ ደጉ» የሚባል ሰው ነው።

«ማነው ይሄ ጥላዬ?» የሼህ ኑርዬ ድምፅ ውጭ ድረስ ተሰማ።

የሚያውቀው ጠፋ። ስሙ የክርስቲያን ስለመሰለ ሁሉም ወደ አሻግሬ ዞረ። «እኔን ምን ታዩኛላችሁ? በማርያም፣ በኛ ደብር እንዲህ የሚባል ሰው ክርስትና አልተነሳም» አለ። ቦይ ጠባቂው ዑበይዱላህ መሬቱ ላይ አድፍጦ ሰውየውን እንዲይዝ ታዘዘ። ሲያደፍጥ ዋለ። በመጨረሻም መሬቱ ላይ ውሃ ሲመራ ያገኘው ሰው ራሳቸው ሼህ ኑርዬ ብቻ መሆናቸውን በታላቅ አክብሮት አመለከተ።

ይህ ሼህ ኑርዬን ይበልጥ አበገናቸው። «ይህን ሌባ መዝገብ ውስጥ ያስገባው ማን እንደሆነ ይታወቃል! ከታወቀም እዚህ ቢሮ ዳግመኛ አይገባም፣ ወላሂ!»

ባድሩ ነገሩ አልገባውም። ገበሬዎቹ ሲመዘገቡ የጻፈው እሱ ራሱ ነው፤ ቅጾቹን ጮክ ብላ ያነበበችለት ደግሞ ሂዳያ ናት። ሂዳያ በኮንትራት የተቀጠረች መረጃ መዝጋቢ፣ የሼህ ኑርዬም የልጅ ሚስት ናት። ሰው ሲወጣ ጠብቆ ጠጋ አላት።

«ሂዳያ፣ ጥላዬ ማነው?»

ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳበች። «አማቴ ናቸው።»

«ምን?»

«ታዲያ ምራት ሆኜ ስማቸውን ልጥራልህ? ከተዳርኩ ጀምሮ በአፌ አንስቼው አላውቅም። ፊታቸው ላይ አባባ ነው የምላቸው። ሌላ ቦታ ካነሳኋቸው ጥላዬ እላለሁ፤ ሙሽራ ሆኜ ያወጣሁላቸው ስም ነው። ጥላ ነው የሆኑልኝ፣ አላህ ያውቃል።»

«ደጉስ?»

«አባታቸው። የሳቸውንማ በምን አቅሜ!»

«ወረቀቱን ብትሰጪኝ ምን ነበረበት?»

«መቼ ፋታ ሰጠኸኝ? ‹ቀጥይ፣ ቀጥይ› ነው! አፌ እንደለመደው አለፈ።»

ባድሩ ድካም ባለው ሳቅ ሳቀ። «የማሽኑ የተያዙ ቃላት ተዘርዝረው ተጽፈዋል፤ አያለሁ፣ እጠነቀቃለሁ። ያንቺን ማን ጽፎ ይስጠኝ?»

እሷ አልሳቀችም። «ስማ፣ ራት ላይ ሳይቀር ‹አላህ ይንቀለው ይሄን ጥላዬ› እያሉ ነው። እኔ አቀርብላቸዋለሁ፤ እሳቸው ራሳቸውን ይራገማሉ። እኔ ያወጣሁላቸው ስም መሆኑን ካወቁ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ? ኮንትራቴም በዚህ ወር ያልቃል። እነ አሻግሬ የሊቀ መንበሩ ምራት እያሉ ሰበብ ሲፈልጉልኝ ነው የከረሙት።»

«ከኔ አይወጣም» አላት።

አርብ፣ ከጁምዓ በኋላ፣ ባድሩ የታረመውን ዝርዝር ይዞ ገባ። ሼህ ኑርዬ ስማቸውን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ፤ የአባታቸውንም አነበቡ። ፊታቸው ፈካ። ክሊራንሱን ወደ ራሳቸው ሳቡና ብዕር አነሱ። የብዕሩ ጫፍ ወረቀቱን ሊነካ ሲል ቆመ።

«ጥላዬስ?»

«ወጥቷል።»

«መውጣቱንማ አየሁ። ማን አስገባው?»

ውጭ የሚኒባሱ ረዳት «ውጫሌ! ውጫሌ! አንድ ሰው!» እያለ ይጮሃል። ሂዳያ ጥግ ላይ ወረቀት ታስተካክላለች፤ የተስተካከለውን መልሳ ትበትናለች።

«ተናገርና ተገላገል፣ ወንድሜ» አለ አሻግሬ። «ካልሆነ ማሽኑ ነው በል።»

«ማሽን ሰው አይወልድም!» ሼህ ኑርዬ ዓይናቸውን ከባድሩ አልነቀሉም። «የጻፈው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ለምን ጻፍከው?»

ባድሩ ወደ ሂዳያ ጥግ አልዞረም። ውጭ ረዳቱ የሚኒባሱን በር ጎትቶ ሲዘጋ ተሰማ።

«ለክፋት የምትሆን ልጅ አይደለህም፤ አውቅሃለሁ። ምክንያቱን ንገረኝና አሁኑኑ ልፈርም። ያለ ምክንያት ግን ክሊራንስ የለም።»

«አልናገርም።»

«ሰኞ ሥራህ እንደሚቀር ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ። አልናገርም።»