ላስቲኩ ያልተላጠ ጣራ

አባቴ የግቢያችንን ጣራ ያስቀየረው እናቴ ክሩ አልታይ ስላላት አይደለም። ጎረቤታችን አቡ ነዋፍ እንዲያይለት ነው።

እናቴ ጥልፍ ትጠልፋለች። ሙሽሮች የሚለብሱት፣ ደረቱ በቀይና በጥቁር ክር የሚሞላው ቀሚስ በከተማችን በዘርቃ ከእሷ እጅ ሲወጣ ይለያል። የምትሠራው ግቢው ውስጥ ነው። ግቢውን ደግሞ ዳር እስከ ዳር የሸፈነው ቆርቆሮ ነበር። እዚያ ሥር በቀትር እንኳ ቀዩና ጥቁሩ ክር አንድ ነው። በብርዱ ወራት አንድ ረድፍ ሙሉ አሳስታ ስትፈታ ዋለችና፣ "ከአሁኗ ሙሽራ በኋላ መርፌ አልነካም። ዓይኔ በቃኝ ብሏል" አለች።

ዓይኗ ምንም አልሆነም። የጎደላት ብርሃን ነው።

በቆርቆሮው ፋንታ ፖሊካርቦኔት የሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ይግባ ያልኩት እኔ ነኝ። ኬሚስትሪ ነው የተማርኩት፤ በዚህ ቤት የሚጠቅም ቦታ ያገኘሁለትም ያኔ ብቻ ነው። ብርሃን ያስገባል፣ የሚያቃጥለውን ጨረር ያስቀራል፣ ስለዚህ የክሩ ቀለም አይነጣም አልኩ። ከመስታወት እጅግ ይቀላል፣ በረዶ ቢወርድበት አይሰበርም አልኩ። አባቴ ዜና እየሰማ ነበር። ሻጩ "ሐጂ፣ ኤርፖርት ላይ የሚገጠመው እኮ ይኼው ነው" ሲለው ግን ወዲያው ገዛ። አባቴ በዕድሜው ኤርፖርት የሄደው ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለቱንም ሰው ሊሸኝ። ሐጅማ ሄዶም አያውቅም።

ጣራው ሲመጣ በስስ ላስቲክ ተሸፍኗል፤ ላስቲኩ ላይ በትልልቅ ሰማያዊ ፊደል የፋብሪካው ስም አለ። ጽሑፍ ያለበት ወገን ወደ ፀሐይ ይሆናል፤ እንደተገጠመ ላስቲኩ ይላጣል። ይህም እዚያው ላስቲኩ ላይ ተጽፏል።

"አባባ፣ ዛሬውኑ ይላጥ። ፀሐይ ካበሰለው አይነሳም።"

"አዲስ ዕቃ ራቁቱን አይቀመጥም።"

"ጣራ እኮ ነው!"

"ጣራስ ቢሆን ክብር የለውም?"

የዚህ ሰው ሪሞት በላስቲክ ተጠቅልሎ ነው የሚኖረው። ከእኔ እኩል ያደገው ፍሪጅ በሩ ላይ የፋብሪካ ተለጣፊ አለ። ባለ ትልቅ መስኮቱ የእንግዳ ሳሎን ውስጥ ያለው ሶፋም ላስቲክ ለብሷል። እኛ ሳሎኑ ውስጥ አንቀመጥም፤ ለመጥረግ ስንገባ እንኳ ጫማ እናወልቃለን።

ጣራውን የገጠመው ሒክመት መሰላሉን አጥፎ ጨርሶ ነበር። "ሐጂ ልክ ናቸው። አቧራም ይከለክላል" አለ። ተመልሶ መውጣት ታክቶት ነው።

ጽሑፉ ሰማዩን እያየ ነው እንግዲህ። ሊያነበው የሚችለው ፎቁ ላይ ርግብ የሚያረባው ጎረቤታችን አቡ ነዋፍ ብቻ ነው። በእኛ አገር የርግብ አርቢ ምስክርነት ፍርድ ቤት አይቀበለውም ይባላል፤ የሰው ርግብ አታልሎ ወስዶ የኔ ናት ብሎ ይምላልና። አባቴ በጣራው ጥራት ላይ የመረጠው ምስክር ይህ ነው።

"አቡ ሙታዝ! የጀርመን ነው እንዴ?" ብሎ አባቴን ተጣራ አቡ ነዋፍ ከላይ።

"ዓይን የለህም? አንብበዋ!"

"መነጽሬን አልያዝኩም። ርግቦቼ ግን አንብበው ጨርሰዋል፤ አሁን እየፈረሙልህ ነው!"

በእርግጥም ፈርመው ነበር።

እናቴ ከሥር ቀና አለች። ጨለማው ያው ነው፤ አሁን ሰማያዊ ሆነ እንጂ። "ሩደይና፣ ይኼ ጥቁር ነው ቀይ?" አለችኝ።

"ቀይ ነው።"

"አንተ ሰውዬ፣ ሠርጉ ከአረፋ በኋላ ነው" አለች ወደ አባቴ ዞራ። "ወይ ላስቲኩን አንሳልኝ፣ ወይ ለሙሽራዋ እናት ሌላ ጥልፍ ሠሪ ፈልጊ በላት።"

"ወንድሜ ከኩዌት ይምጣ፣ ይየው። ከዚያ ይላጣል።"

በጋውን ሙሉ ፀሐይ ላስቲኩን ጠበሰችው። አጎቴ ለአረፋ መጣ፤ በሩዝና በበግ ሥጋ የተሠራውን መንሰፍ በላ፣ እጁን ታጠበ፣ ግቢው መሀል ቆሞ ዞር ዞር ብሎ አየ። አባቴ ትንፋሹን ያዘ።

"መብራት የላችሁም እንዴ?" አለ አጎቴ።

በማግስቱ አባቴ ራሱ መሰላል ወጣ። ላስቲኩ የጥፍር ያህል፣ የጥፍር ያህል እየሆነ ተቆራረጠ። ቢላዋ ጠየቀ። ከዚያ ቤንዚን ጠየቀ።

"ቤንዚን ያበላሸዋል! ይሰነጥቀዋል!"

"ለቤንዚን ዲግሪ አያስፈልግም።"

"ለዚህኛው ያስፈልጋል አባባ።"

"አቡ ሙታዝ፣ ሳሙና ሞክር!" አለ አቡ ነዋፍ ከላይ። ለሚቀልድበት ሰው እንኳ ከአባቴ የተሻለ ምክር ነበረው። አባቴ ግን ጨርቁን በቤንዚን ነክሮ ፈተገ። ጣራው እንፋሎት እንደሸፈነው መስኮት ደበዘዘ። ከዚያ የፀጉር ያህል የቀጠኑ ስንጥቆች በላዩ ላይ ሮጡ። አዲሱ የኤርፖርት ጣራ፣ ግማሹ በሰማያዊ ፊደል እንደተሸፈነ፣ ግማሹ በመንፈቅ አረጀ።

እናቴ ቀሚሱን ጠቀለለች፣ የክር ቅርጫቷን አነሳች፣ ጫማዋን ሳታወልቅ ሳሎን ገባች። የላስቲክ መቀደድ ድምፅ ሰማን። ስንደርስ መጋረጃው ወደ ጎን ተስቧል፣ እሷ መስኮቱ ሥር ራቁቱን በቀረው ሶፋ ላይ ተቀምጣለች፤ ቀሚሱ ጉልበቷ ላይ ተዘርግቷል።

"ሦስት ረድፍ" አለች ለራሷ። "ሦስት ረድፍ ቀዩን ጥቁር አድርጌዋለሁ።" መፍታት ጀመረች። እጇ አልተጠራጠረም።

አባቴ በሩ ላይ ቤንዚን ቤንዚን እየሸተተ ቆመ። "ሴትዮ፣ ይኼ ሳሎን የእንግዳ ነው!"

"እንግዳ ነኛ" አለች ቀና ሳትል። "ሻይ አምጣልኝ። ስኳር አታብዛ።"

አባቴ እኔን አየ። እኔ መስኮቱን አየሁ። እሱ ወደ ወጥ ቤት ሄደ፤ ቁም ሣጥን ሲከፍት፣ ሲዘጋ፣ እንደገና ሲከፍት ሰማሁት።

"ሩደይና! በራዱ የት ነው የሚቀመጠው?"

አልነገርኩትም።