ከአርብ የሸሹ ባሎች

የፋብሪካው ባለቤት ግቢ ውስጥ ሰብስቦን «ከዚህ ሳምንት ጀምሮ አርብ ሥራ የለም፣ ደሞዝ ግን እንዳለ ነው» ሲለን አንድ ሰው እንኳ አላጨበጨበም። ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ። እኛ ፍራሽ ፋብሪካ ውስጥ ከላይ ደግ ነገር ሲወርድ አይተን አናውቅማ። ከላይ የሚወርደው ጣሪያው ሲያፈስ ውሃ ነው፣ እሱም እኛ ላይ ብቻ።

ባለቤቱን ከጀርባው «ቤተሰብ» ነው የምንለው። አፉን በከፈተ ቁጥር «እኛኮ ቤተሰብ ነን» ይላላ። አንዴ እጄን አውጥቼ «ቤተሰብ ከሆንን ውርሱ ላይ እንዴት ነን ጋሼ?» ብዬ ስጠይቀው ሽንት ቤት አስጠረገኝ። ይሄን የአርብ ነገር ያመጣው ውጪ ሀገር ስልጠና ሄዶ ነው። እዚያ ሠራተኛ ሲያርፍ የበለጠ ይሠራል ብለውት፣ እሱ ደሞ ራሱ ያሰበው አስመስሎ ተመለሰ። «ለሙከራ ነው» አለን ጣቱን ቀስሮ። «አንድ ነገር ካየሁ አርቤን እቀበላችኋለሁ።» አርቤን! እናቱ የወለደችለት ይመስል።

እኔ ጫኝ ነኝ። ፍራሽ አናቴ ላይ አድርጌ እወጣና መኪና ላይ እወረውራለሁ፣ በቃ። እህቴ እዚያው የፍራሽ ልብስ ትሰፋለች። እታለም ነው የምላት። እናታችን ካረፈች ወዲህ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ወፍ ሳይንጫጫ ተነስታ ታጥባለች፣ ታበስላለች፣ እኔን በእርግጫ ትቀሰቅሳለች፣ ከዚያ ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪናው ላይ ተደፍታ ትሰፋለች። ስንት ሰው የተንፈላሰሰበትን ፍራሽ ሰፍታለች፤ እሷ ግን ፀሐይ ወጥታ ፍራሽ ላይ ስትገኝ አይቻት አላውቅም።

የመጀመሪያው አርብ ዋዜማ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አሰረችና «ነገ የሚቀሰቅሰኝ ሰው አንገቱን ነው የማንቀው» ብላ ተኛች። ነጋ፣ ተኝታለች። ረፈደ፣ ተኝታለች። ምሳ ሰዓት ደረሰ። ጎረቤት መጥቶ «እህትህን አሟታል እንዴ?» ማለት ጀመረ። እኔም ልቤ ፈርቶ ጣቴን አፍንጫዋ ስር ብልክ፣ በእንቅልፏ አንድ ጥፊ አቀመሰችኝ። ደህና ናት ማለት ነው።

ስትነሳ ፊቷ ሌላ ሰው መሰለኝ። ቁጭ አለችና ድንገት ፍርፍር ብላ ሳቀች። «ምን አገኘሽ?» ስላት፣ ማክሰኞ የነገርኳትን ቀልድ አስታውሳ ነው። ማክሰኞ ለመሳቅ ጊዜ አልነበራትም።

ከዚያ በኋላ የአርብ እንቅልፏ ዘበኛ እኔ ሆንኩ። በራችን ላይ ኳስ የሚያንቀረቅቡትን ውሪዎች ኳስ ጣሪያ ላይ ሰቀልኩት። ሬዲዮ የሚያስጮኸውን ጎረቤት ደሞ ፊውዙን ነቅዬ ኪሴ ከተትኩት። ሰውዬው እስካሁን መብራት ኃይልን ይራገማል።

ታዲያ አንድ አርብ ጠዋት ዳቦ ልገዛ ስወጣ ማንን ባይ ጥሩ ነው? ጄኔሬተርን! ጄኔሬተር የስፖንጅ ቆራጮቹ አለቃ ነው። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ሲያጓራ ይውላል፣ ቢያጠፉትም ትንሽ ያጓራል። የሥራ ቱታውን ለብሶ፣ ምሳ ዕቃውን ይዞ፣ ግድግዳ ግድግዳውን እየታከከ ወደ ፋብሪካው ይሄዳል።

«ጋሼ! አርብ መሆኑን ረሱት እንዴ?»

«ዝም በል አንተ መዥገር!» ግራ ቀኙን አየ። «ለሚስቴ አልነገርኳትም።»

«ምኑን?»

«አርብ እረፍት መሆኑን ነዋ! ብነግራት ያ የሚያንጠባጥበው ቧንቧ አለ፣ የወደቀው አጥር አለ፣ መንትዮቹ አሉ። አንተ ወንደላጤ ምን ታውቃለህ! እዚህ ብመጣ ቢያንስ አለቃ ነኝ።»

«እና አርብ አርብ ምን እየሠሩ ነው የምታስበው?»

«ትርፍ ሰዓት ብያታለሁ። ተጠራቅሞ ዓመቱ መጨረሻ ላይ ይሰጠናል አልኳት።»

ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። ለካ እሱ ብቻ አይደለም! ተከትዬው ፋብሪካው በር ጋ ስደርስ ያገባው ወንድ ሁሉ ምሳ ዕቃውን አንጠልጥሎ ተኮልኩሏል፤ ትምህርት ቤት ያረፈዱ ነው የሚመስሉት። ሥራ ሲኖር አርፍዶ የሚመጣው ሹፌር ሳይቀር ማልዶ ደርሷል። ሥራ እንዳይሠሩ ደሞዝ የሚከፈላቸው ሰዎች ከቤታቸው ሥራ ሸሽተው ሥራ ቦታ ተደብቀዋል። እንዲህ ዓይነት ጅል በገንዘብ አይገኝም።

መጀመሪያ ሰሞን ዘበኛው ክፍል ካርታ ሲጫወቱ ይውሉ ነበር። ከዚያ ተሰላቹ። ካርታ ላይ ደሞ ጄኔሬተር አለቃ አይደለም፣ ሁሌ ይሸነፋል። ደሙ ፈልቶ አንድ ቀን «ኑ እስቲ፣ እጃችን እንዳይዝግ» ብሎ መቁረጫ ማሽኑን አስነሳው። ሌሎቹም ተከትለውት ስፖንጅ መቁረጥ ጀመሩ። በነጻ! ሰኞ «ወገቤን» የሚለው ሁሉ አርብ አርብ እንደ ጎረምሳ ሲጋልብ ይውላል።

ያ ቤተሰብ የሚሉት ሰውዬ ደሞ አንድ አርብ የረሳውን መነጽር ሊወስድ ሲመጣ ማሽኑን ሰማው። በመስኮት አጮልቆ አየ። ዘበኛው እንደነገረኝ እንባ አቅርሯል።

ሰኞ ጠዋት ሁላችንም ግቢ ተሰበሰብን። ሰውዬው እንደ ሙሽራ ይቁነጠነጣል።

«በዓይኔ አየሁ!» አለ። «ማንም ሳያዛቸው! ማንም ሳይከፍላቸው! ቤተሰብ ማለት ይሄ ነው። እረፍት ስሰጣችሁ ለካ ሥራ እየከለከልኳችሁ ነበር። ስለዚህ አርብ ወደ ሥራ ይመለሳል። በዚህ አርብ ሁላችሁም ትመጣላችሁ፣ ካሜራ ይኖራል፣ በፈቃዳችን ነው ትላላችሁ። ተግባባን?»

ጄኔሬተር አጨበጨበ። ምን ያድርግ? ውሸቱ እውነት ሊሆንለት ነው። ሌሎቹም ቆራጮች አጨበጨቡ። ከሴቶቹ ልብስ ሰፊዎች ግን አንድም እጅ አልተንቀሳቀሰም። እታለምን አየኋት። መሬት መሬት ነው የምታየው።

ማታ እራት ላይ «ምነው ዝም አልሽ?» አልኳት።

«ምን ልበል?» አለች። «ድሮም አልነበረኝም። ያልነበረኝ ነገር ቀረ ብዬ ላለቅስ ነው?» ከዚያ ሻሿን አውልቃ አጣጥፋ ሳጥን ውስጥ ከተተችው። ያንን የአርብ ሻሽ።

እኔ በሕይወቴ ለዚች ልጅ ከራስ ምታት ሌላ የሰጠኋት ነገር የለም። አሁን ደሞ አንድ ቧንቧ የፈራ ሽማግሌ እንቅልፏን ይቀማት? እሱማ አይሆንም።

ሐሙስ ከሥራ ስወጣ ቀጥ ብዬ የጄኔሬተር ሚስት ሱቅ ሄድኩ። ከሰፈራችን አንድ መታጠፊያ ነው። ሴትዮዋ መደርደሪያ ትጠርጋለች፣ መንትዮቹ ባንኮኒው ስር ይደባደባሉ።

«ሳሙና ስጡኝ እትዬ። ጋሼ ደህና ናቸው?»

«ምን ደህና ይሆናል፣ ሥራ ገደለው። ነገ እንኳ አርብ አይደል፣ ይገባል።»

«አርብ?» አልኩኝ ዓይኔን አፍጥጬ። ዓይን ማፍጠጥ ላይ የሚወዳደረኝ የለም። «አርብማ እረፍት ነው እትዬ። ደሞዙም እንዳለ ነው። ካመጡት እኮ ቆየ! እኔ እንደውም ጋሼ ቤት ውለው ቧንቧውን የሠሩት መስሎኝ...»

ሳሙናው እጇ ላይ ቀረ።

«እስቲ ድገመው።»

ደገምኩላት።

«ትርፍ ሰዓቱስ? ዓመቱ መጨረሻ ላይ የሚሰጠውስ? እኔ እኮ ፍሪጅ ልገዛበት ቦታ ለክቻለሁ!»

«እሱን እንግዲህ የፋብሪካውን ባለቤት መጠየቅ ነው። ነገ ካሜራ ሁሉ አለ። ደሞ ጋሼ ብቻቸውን አይደሉም፣ ያገባው ሁሉ ነው የሚመጣው።»

ስልኳን አነሳች። እኔ ወጣሁ። የሳሙናውን ሂሳብ እንኳ አልጠየቀችኝም።

አርብ ጠዋት ሁላችንም ግቢው ውስጥ ተሰልፈናል። እታለም ከኋላ ዓይኗ አብጦ ቆማለች። ባለ ካሜራው ደግኗል። ቤተሰብ ከረባት አስሮ «እነዚህ ሠራተኞቼ ሳይሆኑ...» ብሎ ሲጀምር በሩ ተበርግዶ ተከፈተ።

የጄኔሬተር ሚስት ከፊት፣ በግራና በቀኝ መንትዮቹ፣ ከኋላዋ ሚስቶች በሙሉ። የሹፌሩ ሚስት ሕፃን አዝላለች። ጄኔሬተር አንድ ፍራሽ ጀርባ ሊገባ ሞከረ፤ እኔ ደሞ ሥራዬ አይደል፣ ፍራሹን አነሳሁት።

ቤተሰብ ደስ አለው፤ ይህ ሰው አይገባውም። «ይኸው! እናንተም መጣችሁ! እንኳን ደህና መጣችሁ፣ እኛ ሁላችንም አንድ ቤተሰብ ነን!»

«ቤተሰቡ እኛ ነን» አለች ሴትዮዋ። «እርስዎ በየት በኩል ነው የሚዛመዱን?»

ሰፊዎቹ ሴቶች በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ያዙ።

«ባለቤትዎ አርብ አርብ በራሱ ፈቃድ ነው የሚሠራው...»

«ለእኔ ትርፍ ሰዓት ነው ብሎኛል። ይጠራቀማል፣ ዓመቱ መጨረሻ ላይ ይሰጣል ብሎኛል። እንግዲህ ሠርቷል ካሉ ሒሳቡን ይስጡኝ። አልሠራም ካሉ ባሌን ይስጡኝ። ሁለቱን ይዘው መቅረት የለም።»

«የእኔም እንደዛ ነው ያለኝ!» አለች የሹፌሩ ሚስት።

«የእኔም!»

«የእኔማ እጥፍ ነው ብሎኛል!»

ቤተሰብ ላቡ ጠብ ጠብ አለ። ወደ ጄኔሬተር ዞረ። «ንገራት እንጂ! በፈቃዴ ነው በል!»

ጄኔሬተር ሰውዬውን አየ፣ ሚስቱን አየ፣ መንትዮቹን አየ። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ ጠፋ። ነዳጅ አለቀ።

ባለ ካሜራው «ልቀጥል ጋሼ?» አለ። ለእሱ ቀኑ እየሠመረለት ነው።

«አጥፋው!» ጮኸ ሰውዬው። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለው መሰለኝ፣ «አይ፣ አታጥፋው! ይቀረጽ! በዚህ ፋብሪካ አርብ ማንም አልሠራም! ማንም አይሠራም! አርብ ዝግ ነው! ማሽን የነካ ሰው ካለ ሌባ ነው! ዘበኛ፣ ሁሉንም አስወጣና ቆልፍ!»

ትርፍ ሰዓት ከመክፈል ብሎ በገዛ አፉ፣ ለገዛ ካሜራው፣ አርብን መልሶ ሰጠን። ያኔ ሴቶቹ አጨበጨቡ።

ጄኔሬተር አንዱን መንታ ትከሻው ላይ፣ ምሳ ዕቃውን በእጁ ይዞ ወጣ። ሚስቱ ከኋላ እየነዳችው «ምሳህን ቧንቧው ስር ተጋድመህ ትበላዋለህ» ትለዋለች። ዘበኛው በሩ ላይ ሰንሰለት አሰረ። እታለም ሰንሰለቱን አየችና መንጋጋዋ እስኪላቀቅ አዛጋች። ቤት ደርሳ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ወደቀች።

በሚቀጥለው አርብ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ስጠብቅ ጄኔሬተር ከች አለ። ቱታው በስሚንቶ ተለውሷል።

«ልጄ፣ እስቲ እዚህ ትንሽ ልቀመጥ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሳሙና ልገዛ ብዬ ነው የወጣሁት።»

«ሳሙና የሚሸጠው እርስዎ ቤት አይደል እንዴ?»

ቆም ብሎ አሰበ። «ወይኔ!» አለ።

አሳዘነኝ ልበል? አላሳዘነኝም። የታጠበ ልብስ የሌለኝ ሰው ነኝ፤ ሳፋውን ፊቱ አደረግኩለት። «መቀመጥ ይቻላል፣ ግን እጅ እንዳይዝግ። ቀስ ብለው ይሹት፣ እታለም ተኝታለች።»

ትንሽ አጉረመረመና ማሸት ጀመረ። ቆይቶ አንገቱን ወደ እኔ ዘንበል አድርጎ «እኔ የምልህ፣» አለ በሹክሹክታ፣ «ለሚስቴ የነገራት ማነው?»

ከውስጥ እታለም ስታንኮራፋ ይሰማል።

«ሰው ክፉ ነው ጋሼ» አልኩት። «ያንን አንሶላ ደሞ እንዳይረሱት።»