እኛ ዝሆን አንበላም

ቼንጄራይ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ከካርቶን የዝሆን ጆሮ ሲቆርጡ አረፈዱ። ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው፤ መቀስንም እንደ መሪ ነው የሚይዙት፣ ማንም እንዲነካባቸው አይፈልጉም። ጆሮዎቹን ግራጫ ቀለም ቀብተው፣ ላስቲክ አስረውላቸው፣ ግድግዳው ሥር ደርድረዋቸዋል። ለሠፈሩ ልጅ ሁሉ ይበቃል።

የልጅ ልጃቸው ሩፋሮ ዛሬ ሰባት ዓመት ሞላት። ጉዌሩ ከተማ ውስጥ፣ በእኛ በምኮባ ሠፈር፣ አሁን አሁን የልጅ ልደት እንዲሁ አይደገስም፤ «የምን ልደት?» ተብሎ ይጠየቃል። አንዷ የንግሥት ይሁንልኝ ትላለች፣ አንዱ የኳስ ይላል፣ ወላጅም አብሮ ያብዳል። ሩፋሮን ሲጠይቋት ግን ለማሰብ እንኳ አልቆመችም። «የዝሆን!» አለች። ቼንጄራይ ይህን የሰሙ ዕለት ደስታቸውን የሚያደርጉበት አጡ፤ መንገድ ላይ ያገኙትን ሁሉ እያቆሙ አወሩ። ዘራቸው ዝሆን ነዋ! ልጅቷንም ከተወለደች ጀምሮ «ዝሆኔ» እያሉ ነው ያሳደጓት። በእኛ አገር እያንዳንዱ ዘር የሚጠራበት እንስሳ አለው፤ ይህም ከአባት የሚወረስ ነገር ነው። ዘሩ ዝሆን የሆነ ሰው የዝሆን ሥጋ በአፉ አይዞርም፤ የበላ እንደሆነ ጥርሱ ይረግፋል ይባላል። ሩፋሮም ከአያቷ አፍ ደጋግማ ሰምታዋለች።

ስለ ኬኩ ግን ለቼንጄራይ የነገራቸው አልነበረም።

ጆሮዎቹን ታቅፈው ወደ ማድ ቤት ሲገቡ ጠረጴዛው ላይ አንድ ዝሆን ተጋድሟል። ኩምቢው ወደ ላይ ተጠቅልሏል፣ ጆሮዎቹ ተዘርግተዋል፣ ዓይኖቹ ጥቁር ከረሜላ ናቸው። ሚስታቸው ሴካይ ጎንበስ ብለው በማንኪያ ጫፍ ግራጫ ክሬም ይቀቡታል። ከትናንት ጀምሮ ሲለፉበት ነበር፤ እንዲህ ያለ ኬክ በዕድሜያቸው ሠርተው አያውቁም።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉ ቼንጄራይ።

«ምን ይመስልሃል? አህያ?»

«ሊበላ ነው?»

«የለም፣ ግድግዳ ላይ ልንሰቅለው ነው። ምን ነካህ አንተ ሰውዬ?»

«የፋራይ እናት፣ እኛ ዝሆን አንበላም።»

ሴካይ ማንኪያውን አስቀመጡ። «ዱቄት ነው። ዱቄት፣ እንቁላል፣ ስኳር። እንቁላሉን ራስህ ነህ ገዝተህ ያመጣኸው።»

«ኩምቢ አለው የለውም?»

«አለው።»

«እንግዲያው ዝሆን ነው።»

የሴካይ ዘር ወፍ ነው። ሴት ስታገባ የአባቷን ዘር እንደያዘች ነው የምትገባው፤ ስለዚህ ዝሆን ለእሳቸው ክልክል አይደለም፣ ባላቸውም ይህን አሁን ነው ያስታወሱት። «አንቺስ? እኔ የወፍ ኬክ ብጋግርልሽ ትበያለሽ?»

«አንተ ጋግረኸው? ወፍ መሆኑን ማን ሊያውቅ!»

ምራታቸው ኒያራይ ዕቃ ማጠቢያው ጋ ቆማ ሳቋ አመለጣትና በሽርጧ አፏን ሸፈነች። በአማት ፊት እንዲህ አይሳቅም። ወዲያው ልጃቸው ፋራይ፣ የሩፋሮ አባት፣ ፊኛ እየነፋ ገባ፤ ነገሩን ሲሰማ ፊኛው ከአፉ አምልጦ በማድ ቤቱ ዞረ።

«አባዬ ሙት! በዚህ ዘመን?» አለ።

ቼንጄራይን ያንገበገባቸው ይህ «በዚህ ዘመን» የሚሉት ነገር ነው። እሳቸው ልጅ ሳሉ ክፉ ድርቅ ገባ። እህሉ ሁሉ ማሳው ላይ ቀረ። አንድ ቀን የዝሆን ሥጋ በመኪና ተጭኖ መጣና ለመንደሩ ተከፋፈለ፤ የእነሱም ቤት ድርሻው ደረሰው። እናታቸው ዘራቸው ሌላ ስለነበር መብላት ይችሉ ነበር፤ ግን አልበሉም። ትንሹ ቼንጄራይ ማንም ሳያየው ቁራሹን ሳህን ላይ አድርጎ ወደ አፉ ሊያስጠጋ ሲል እናቱ ደረሱና ሳህኑን ከእጁ ወሰዱት። በአጥሩ በላይ ለጎረቤት ሰጡት። በዚያ ቀን የበቆሎ ገንፎ እንኳ አልነበረም። ቼንጄራይ ያንን ረሃብ ዛሬም ሆዳቸው ውስጥ ያውቁታል፤ ዝሆን መሆናቸውንም የሚያውቁት በእሱ ነው።

ኒያራይ እጇን አድርቃ መጣችና በጉልበቷ ዝቅ አለች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ አባባ። ሩፋሮ ኬኩን ከእርስዎ ጋር ነው የምትቆርጠው። ቢላውን አባባ ነው የሚይዝልኝ ብላ ለጓደኞቿ ሁሉ ተናግራለች። ሌላ ሰው እሺ አትልም።»

«እኔ ዝሆን ላይ ቢላ አላነሣም» አሉ ቼንጄራይ። ጆሮዎቹን ወንበር ላይ ቁጭ አድርገው በጓሮ በር ወጡ።

«ተወው» ሲሉ ሰሟቸው ሴካይን። «ሲርበው ይመጣል።»

ጓሮ ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር ተቀመጡ። እንግዶች ሲገቡ፣ ሙዚቃው ሲከፈት፣ ልጆቹ ጆሮ አጥልቀው እየጮሁ ሲራወጡ ሁሉንም ከዚያ ሆነው ሰሙ። ጆሮዎቹ ልክ ሆነዋል ማለት ነው። መግባት ፈለጉ፣ ደግሞ መግባት አልፈለጉም። ልጅቷን በጓደኞቿ ፊት ሊያሳፍሯት ነው፤ ይህን ያውቁታል፣ እንደ እሾህም ይወጋቸዋል። ግን አንድ ሰው ጠግቦ ሊጥስ ከሆነ ድሮ ተርቦ ለምን ጠበቀ?

ሩፋሮ ብቻዋን መጣች። ጆሮ አላጠለቀችም። ከንፈሯን ገጥማለች፣ ዓይኗ እንባ አቅርሯል፣ ቀኝ እጇን ጨብጣለች። ለምኚው ብለው ልከዋት ነው ብለው አሰቡና ቼንጄራይ ቆፍጠን ያለ መልስ አዘጋጁ።

«ምነው ዝሆኔ?»

 ልጅቷ እጇን ዘረጋችና ጣቶቿን ከፈተች። መዳፏ ላይ ትንሽ ነጭ ጥርስ አለች።

«ወለቀች!» አሉ ቼንጄራይ። የወተት ጥርሷ ከሰሞኑ ጀምሮ ይነቃነቅ እንደነበር ቤቱ ሁሉ ያውቃል። «ታዲያ ለምን ታለቅሻለሽ?»

«ጅራቱን ቀምሼ ነው» አለች ሩፋሮ። «የኬኩን። አያቴ ዞር ሲሉ ጠብቄ። ትንሽ ነው የቀመስኩት፣ በጣም ትንሽ። ከዚያ ወለቀ። ሌሎቹም ይረግፋሉ አይደል?»

«ማን አለሽ?»

«አንተ ነህ ያልከኝ።»

ቼንጄራይ ጥርሷን ከመዳፏ ላይ አነሡ።

«አባባ» አለች፣ ድምፅዋ እየተሰበረ፣ «ከአሁን በኋላ ዝሆን አይደለሁም?»

 በረሃብ የጠበቁት ነገር ይኸው በልጅቷ ጉሮሮ ፍርሃት ሆኖ ተቀርቅሯል። ዙሪያቸውን ቃኙ። ከዚያ ከሚስታቸው በቀር ማንም አይቶባቸው የማያውቀውን ነገር አደረጉ፤ ሁለት ጣታቸውን አፋቸው ውስጥ ከተው ሰው ሠራሽ ጥርሳቸውን ከላይም ከታችም አወጡና ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

ሩፋሮ አፏን ከፍታ ቀረች።

«እይኝ» አሉ። ቃሉ ከድዳቸው እየተንሸራተተ ነበር የሚወጣው። «እኔ ዝሆን ቀምሼ አላውቅም። ተርቤ እንኳ አልቀመስኩም። ጥርሴስ የታለ?»

«ሁሉም ወለቀ?»

«አንድ አልቀረም።»

«ለምን?»

«ስላረጀሁ። ያንቺ ደግሞ ስላደግሽ ነው። ዝሆኑ አልተቆጣሽም።»

ልጅቷ ድዳቸውን ጠጋ ብላ መረመረች። «ስታወራ ታፏጫለህ» አለችና ሳቀች፤ የእሷም ሳቅ በአዲሱ ክፍተት አፏጨ።

«ቅድም ምን ነበር የጠየቅሽኝ?»

«ዝሆን ነኝ ወይ ብዬ።»

«ዝሆን ነሽ። ኬክ ብትሰርቂም ዝሆን ነሽ። ሌባ ዝሆን!»

ጥርሳቸውን መልሰው ተነሡ። ያችን ትንሽ ጥርስ ሸሚዛቸው ኪስ ውስጥ ከተቷት፣ ጓሮውንም እጅ ለእጅ ተያይዘው አቋረጡ። መንገድ ላይ ወሰኑ፤ ይቆርጣሉ፣ ይበላሉም። ልጅቷ ቀምሳ እሳቸው ካልቀመሱ ሁልጊዜ ጥፋተኛዋ እሷ ትሆናለች። ይህን ደግሞ አይፈልጉም።

ሳሎኑ በግራጫ ጆሮ ተሞልቷል። ኬኩ መሐል ላይ ነው፤ ጅራቱ ጋ ጎደል ብሏል፣ ሴካይ በክሬም ሸፋፍነውታል፣ ለካ ያውቁ ነበር። ፋራይ ስልኩን ለፎቶ አነሣ። «አባዬ መጣልን!» አለ፣ ያለ ሹፈት። ቼንጄራይ በሩፋሮ እጅ ላይ እጃቸውን ጫኑና ቢላውን አብረው ወደ ታች ገፉት።  ልጆቹ እየጮሁ አጨበጨቡ።

ሴካይ ከጆሮው ቁራጭ አነሡና ምንም ሳይናገሩ ለባላቸው በሳህን ሰጧቸው። ክፍሉ ውስጥ ያሉ ትልልቅ ሰዎች ወሬያቸውን አቆሙ፤ የቼንጄራይ ዘር ዝሆን መሆኑን የማያውቅ ጎረቤት የለም። ሽማግሌው ሹካውን አነሡ። ከኬኩ ቆርሰው ወደ አፋቸው አስጠጉ።

ትንሽ እጅ ሳህኑን ያዘች።

«አባባ፣ አንተ አትብላ» አለች ሩፋሮ። «ተርበህ እንኳ አልበላህም።»

ሳህኑን ከእጃቸው ወሰደች፣ ሹካውንም ጭምር። ዞር ብላም በር አጠገብ ለተቀመጡት ጎረቤት ለአሮጊቷ ማሪታ አቀበለቻቸው። «እርስዎ ይብሉት» አለቻቸው በተሸረፈ አፏ እያፏጨች። «እኛ ዝሆን አንበላም።»

ከዚያ የተቀቀለ ኦቾሎኒ በጎድጓዳ ሳህን ይዛ መጣችና ከአያቷ ጎን ተቀመጠች። እየፈለፈለች አንዱን ለራሷ፣ አንዱን ለእሳቸው ታደርጋለች።

ያኔ እናታቸው ሳህኑን ከእጃቸው ሲወስዱ ቼንጄራይ አልቅሰው ነበር። አሁንም አለቀሱ።