የሀፍረት ቁራሽ

እኛ ስዊድናውያን ከሳህን ላይ የመጨረሻዋን ቁራሽ አናነሣም። ኬክ ትሁን ዳቦ፣ አንዲት ብቻ ከቀረች ገበታው ዙሪያ ያለው ሁሉ ድንገት ይጠግባል። በጣም ያማረው ሰው ቢላ ያነሣና ግማሿን ይቆርሳል። ቀጥሎ ያለው የግማሿን ግማሽ። በመጨረሻ ለወፍ የማትበቃ ፍርፋሪ ትተርፋለች፤ እሷንም ባለቤቱ እንግዳ ከሸኘ በኋላ ቆሞ ይበላታል። ስሟ የሀፍረት ቁራሽ ነው። ይህን ያነሣሁት ስለ ኬክ ለማውራት አይደለም፤ ስለ አንዲት ሞተር ሳይክል ነው።

ሞተር ሳይክሏ የሄኒንግ ነበረች። ጥቁር፣ የጀርመን ሥሪት፣ በዕድሜ የምትበልጠኝ፣ ስትነሣ ድምፅዋ ደረት ውስጥ የሚገባ። ሄኒንግ ዳሌው በቀዶ ሕክምና ተቀይሮለት ከማልሞ ወደ ሰሜን፣ ወደ ዮክሞክ ሲዛወር፣ ለዓመታት አብረነው የነዳነውን ሦስታችንን ሰበሰበና «ከእናንተ የፈለገ ይውሰዳት» አለን።

«ኧረ ኢልቫ ትውሰዳት» አለች ጉንቮር። ኢልቫ እኔ ነኝ።

«ኧረ ቶርቢየርን ይውሰዳት» አልሁ።

«ኧረ ጉንቮር» አለ ቶርቢየርን።

ዙሩን ስንጨርስ ስለ አየሩ ጠባይ አወራን። ሄኒንግም ጭኖ ወሰዳትና ጎተራው ውስጥ ሸራ አለበሳት።

እኔ ግን እፈልጋት ነበር። ዘንድሮ የራሴ ሞተር ሳይክል ጭስ መትፋት ስትጀምር ይሉኝታዬ ተሟጠጠ። ዕቅዴ ቀላል ነበር። በበጋው ዕረፍት ከማልሞ ወደ ሰሜን እነዳለሁ፤ መንገዴን ጉንቮር ቤትና ቶርቢየርን ቤት አድራለሁ፤ ከሁለቱም አፍ «አልፈልጋትም» የሚል ቃል እቀበላለሁ፤ ከዚያ ሄጄ እወስዳታለሁ።

ጉንቮር ስሞላንድ ውስጥ ሐይቅ ዳር ነው የምትኖረው። ቤቱ ያፈሰሰ ጊዜ ሞተር ሳይክሏን ሸጣ ጣሪያ ገዝታለች። በር ላይ ጫማዬን ሳወልቅ አውራ ጣቴ ከካልሲዬ ብቅ ብሎ ሰላም አላት።

«ግቢ» አለችኝ። «ጣትሽንም አስከትዪው።»

ሽንት ቤቷ ዛፎቹ መካከል ያለች የሳንቃ ጎጆ ናት። ገብቼ መብራቱን ሳበራው ሳላስበው እጄን ወደ ላይ አነሣሁ፤ ለፖሊስ ምርመራ የተሠራ ይመስላል።

«ጉንቮር፣ የሽንት ቤትሽ መብራት ዓይን ያጠፋል። ከየት አመጣሽው?»

«ከሰው ነው» አለችና ድንቹን መላጥ ጀመረች። የበጋ ድንች አይላጥም፤ ይህን የማያውቅ ስዊድናዊ አልተወለደም። አትክልቱ ቦታ አተሯ አንድ ትልቅ የብረት ክብ ላይ ተጠምጥሞ አብቧል። አየሁት፤ ግን አልጠየቅሁም። ገጠር የሚኖር ሰው አተሩን በምንም ላይ ያስወጣል።

በጨው የታሸውን ዓሣ ከድንቹ ጋር እየበላን ወደ ጉዳዬ ገባሁ።

«የሄኒንግን ሞተር ሳይክል ትፈልጊያታለሽ?»

«እኔ? ምን ልሠራባት? ቶርቢየርን ካልፈለጋት ውሰጃት።»

«ስለ ቶርቢየርን አልጠየቅሁሽም።»

«እንግዲያው ውሰጃት። ሙሉዋን ውሰጃት።»

«ሙሉዋን» ማለቷ ትንሽ ገረመኝ፤ ሞተር ሳይክል በኪሎ አይሸጥም። ከእንጆሪው ኬክ አንዲት ቁራሽ ቀርታ ነበር። ሁለታችንም አየናት። ሁለታችንም ጠገብን።

ቶርቢየርን ድንበር ተሻግሮ ኖርዌይ ውስጥ፣ ሮሮስ የሚባል ከተማ ዳቦ ይጋግራል። ኖርዌዮቹ የሥራ ባልደረቦቹ «ይኼ ስዊድናዊና ሊጡ ማን ቀድሞ ይናገር ብለው ሲፋጠጡ ይውላሉ» ይሉታል። እውነታቸውን ነው። እንደ ደረስሁ በጀልባ ዓሣ ልናጠምድ ሄድን። ትንኝ በላን እንጂ ዓሣ አልያዝንም። የተቀመጥሁበት ነገር ግን ጥቁር ቆዳ፣ ለስላሳ፣ ለመቀመጫዬ በልክ የተሠራ የሚመስል ነበር።

«ጀልባህ ከሶፋዬ ይሻላል» አልሁት።

«እ» አለ። ቶርቢየርን ሲዋሽ የሚለው ይህንኑ ነው። እውነት ሲናገርም ይህንኑ ነው።

«ሞተር ሳይክሏን ልወስዳት ነው። ትፈልጋታለህ?»

«እኔ የምፈልገውን... ማለቴ፣ አልፈልግም። ውሰጃት።»

ፊቱ እስከ ጆሮው ቀላ። ፀሐይ ነው ብዬ አለፍሁት። እንደ እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የተመረቀ ሰው የሚያመልጠው ነገር ብዛቱ!

ዮክሞክ ልደርስ ትንሽ ሲቀረኝ የአጋዘን መንጋ መንገዱን ይዞ ቆመ። አጋዘን ጡሩምባ አይሰማም፤ ቢሰማም ግድ የለውም። ከኋላቸው በአንደኛ ማርሽ እየተንፏቀቅሁ ሞተሬ ጋለ፤ አንድ ጊዜ ጮኸና ነክሶ፣ መዞር አቁሞ ቀረ። ሄኒንግ በትራክተር መጥቶ ጎተተኝ።

«ይህቺ ሞታለች» አለ ቃኝቶ ሲጨርስ። «አፈር ማልበስ ነው የቀረሽ።»

«ይሁን። ያቺን ልወስድ ነው የመጣሁት። ሁለቱም አንፈልግም ብለዋል።»

ሄኒንግ ቆቡን አወለቀ። መልሶ አጠለቀ። «ቡና እንጠጣ?» አለ።

«መጀመሪያ ጎተራውን ክፈት።»

ሸራውን ስገፈው ሰው በልቶት የተነሣ የዓሣ አፅም መሰለችኝ። ሻንሲዋ፣ ሞተሯ፣ የቤንዚን ማጠራቀሚያዋ፣ መሪዋና የኋላ ጎማዋ ብቻ ቀርተዋል።

«ሰይጣን ይውሰደኝ! ማነው የሰረቃት?»

«አልተሰረቀችም። ባለፈው በጋ ጉንቮር መጣች። ሙሉዋን ውሰጃት ብዬ ለመንኋት። ‹ኧረ እኔ ትንሽ ነገር ይበቃኛል› ብላ የፊት ጎማውንና መብራቱን ፈታች። ቶርቢየርን ደግሞ መጣና መቀመጫውን ብቻ ወሰደ። ለእናንተም ይቅር ብሎ ነው።»

የሽንት ቤቱ መብራት ያን ጊዜ በራልኝ።

«አንተስ ዝም አልህ?»

«ምን ልበል? ወስዳችኋል አይባል፣ ሰጥቻለሁ!»

ስልኬን አውጥቼ ጉንቮር ጋ ደወልሁ። «ጎማውንና መብራቱን ይዘሽ ነይ።»

«የትኛውን ጎማ?»

«አተር የወጣበትን።»

«አተሩ እኮ አብቧል!»

«ከነአበባው አምጪው።»

ለቶርቢየርንም ደወልሁ። «ዓሣ ስናጠምድ ምን ላይ እቀመጣለሁ?» አለኝ።

«ዓሣ አጥምደህ ታውቃለህ?»

«እ» አለ።

በሦስተኛው ቀን መጡ። ጉንቮር በመኪናዋ፣ ጎማውን በፎጣ ጠቅልላ፤ የአተር ሐረግ አሁንም ሽቦው ላይ ተንጠልጥሏል። ቶርቢየርን የዓሣ ሽታ የተሞላ መቀመጫ ታቅፎ። ዓሣው ሳይኖር ሽታው ከየት እንደ መጣ እንጃ። ሁለቱም ይቅርታ ጠየቁኝ፤ ሄኒንግን ይቅርታ ጠየቁት፤ እርስ በርሳቸው ይቅርታ ተጠያየቁ። ሄኒንግ ወንበር ላይ ተቀምጦ እያዘዘ እኛ ቡሎን ስናጠብቅ ዋልን። ካንዴላውን ጠረግሁ፣ ሄኒንግ ትንሽ ቤንዚን ጨመረላት፣ አስነሣኋት። ያ ድምፅ ደረቴ ውስጥ ገባ።

«በሉ እንግዲህ» አለ ሄኒንግ።

«ቶርቢየርን ይውሰዳት፤ መቀመጫዋ ለምዶታል» አለች ጉንቮር።

«ኧረ አንቺ። ጎማዋን ውኃ ያጠጣሽው አንቺ ነሽ» አለ ቶርቢየርን።

እንደገና ጀመሩ! ሞተሯን አጠፋሁት። ጉንቮር «ቶርቢየርን ይውሰዳት» ስትል ግን እጇ መሪው ላይ ነበር፤ ሰው የራሱን ፈረስ በሚይዝበት አያያዝ።

«ጉንቮር፣ ቁርጡን ንገሪኝ» አልኋት። «አዎ ካልሽ ያንቺ ናት። እኔ በአውቶቡስ እሄዳለሁ። ትፈልጊያታለሽ?»

ከጎተራው ማዶ ያለውን ሐይቅ አየች። ክንዷ ላይ ትንኝ ገደለች። ሐይቁን ደግማ አየች።

«ሌላ የሚፈልግ ሰው ካለ...»

«አዎ ወይስ አይደለም?»

«ውሰጃት» አለች፤ ለሞተችው ትንኝ።

እነሱ ለቡና ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። እኔ ሄልሜቴን አጠለቅሁና ነዳኋት። መቼም በሕይወቴ እንደዚያች ያለ ነገር እግሬ መካከል ኖሮ አያውቅም፤ ወንዶቹ ይቅር ይበሉኝ። ማርሽ ስቀይር ጎርፍ እንደ ለቀቅሁ ሆነ። ትልቁ መንገድ ላይ ልወጣ ስል ግን ሳለች፣ ዳግም ሳለችና ቆመች። ሄኒንግ ቤንዚኑንም ቆጥቦ ነው የቀዳው፤ ብዙ መቅዳት ስግብግብ ያስመስላላ!

ከኋላዬ የእግር ኮቴ ሰማሁ። ጉንቮር ናት፤ በካልሲዋ ጠጠሩ ላይ ትሮጣለች።

«አዎ!» እያለች ደረሰች። «አዎ፣ እፈልጋታለሁ! ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እፈልጋት ነበር! ጎማዋን የወሰድሁት ሌላ ሰው እንዳይነዳት ብዬ ነው! ሰይጣን ይውሰድሽ ኢልቫ!»

«ዘግይተሻል» ማለት እችል ነበር። ቶርቢየርን ምስክሬ፣ ሄኒንግ ምስክሬ። ግን ጉንቮር ለራሷ የሆነ ነገር ጮክ ብላ ስትጠይቅ ሰምቼ አላውቅም። እምቢ ብላት አፏን እስከ መቃብሯ እንደምትዘጋ አውቃለሁ። ደግሞም ከማልሞ ጀምሮ «የምትፈልጉትን ተናገሩ» እያልሁ የሰበክሁት እኔ ነኝ። የሰባኪ ጣጣው ይኼ ነው፤ አንዳንዴ የሚሰማ ሰው ይገኛል።

ወረድሁ። ቁልፉን መዳፏ ላይ ጣልሁት።

«ተናደድሽ?» አለች።

«በጣም።»

«መኪናዬን ውሰጃት። ግማሽ ታንክ ቤንዚን አላት።»

«ግማሽ» አልሁ። «እንዴታ!»

ተመልሼ ጫማዬን በር ላይ አወለቅሁና ገባሁ። ሄኒንግና ቶርቢየርን ገበታው ላይ ተቀምጠዋል። ሄል ካለበት ጣፋጭ ዳቦ አንዲት ብቻ ሳህኑ መካከል ቀርታለች፤ አጠገቧ ቢላ ተጋድሟል። ሁለቱም ጠግበዋል። ቢላዋን ገፋ አደረግሁት፣ ዳቦዋን በሙሉ አነሣሁ፣ እያየኋቸው በላኋት።

«ትጣፍጣለች» አልሁ።

«እ» አለ ቶርቢየርን።