መሐል ላይ የሚቆም ዘፈን

«እኔ ግን ብዬ ነበር፤ ልጁን የበላው ያ ድራም ነው» አለች ጎረቤቷ፣ የሻይ ብርጭቆዋን ከንፈሯ ላይ እንደያዘች። ሹክ ያለች መስሏታል። የእሷ ሹክሹክታ ግን ለሰፈሩ ይበቃል።

አያት ሰሙ፤ እንዳልሰሙ ሆነው የሻርፓቸውን ጫፍ አጣጠፉ። ድካሙ አጥንታቸው ድረስ ዘልቋል። ለቀስተኛ ሲገባ መነሳት፣ አቅፎ ማልቀስ፣ መቀመጥ፤ ሳይሞቃቸው ደግሞ መነሳት። እንባቸው ራሱ ሰልችቶት እንደ ውሃ ቧንቧ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይቀራል።

የልጅ ልጃቸው ሞባይል የሚጠግንበት ጠረጴዛ ላይ ድፍት ብሎ ቀረ። የተቀበረ ዕለት አያት ከኋላው ክፍል በር ላይ ቆመው፣ «ያ ድራም ሐዘኑ ሳያበቃ ከቤቴ ይውጣልኝ! ዓይኔ እንዳያየው!» ብለው ጮኹ። ዛሬ የሐዘኑ መጨረሻ ነው።

ሻይ የምታዞረው እህቱ ጎንበስ ብላ በጆሯቸው፣ «አያቴ፣ የባንዱ ልጆች መኪና ይዘው መጥተዋል» አለቻቸው።

«ይውሰዱታ።»

«እሱ ከወጣ እኮ ባንዱም አበቃለት። ሌላ የምንለማመድበት ቤት የለንም።»

«ያብቃለት! ወንድምሽ አላበቃለትም? በይ ሹራብሽን ልበሺ፣ ይሄ ብርድ አንቺንም ይወስድሻል።»

ልጅቷ ሹራቧን ለበሰች። ከእሳቸው ጋር ተከራክሮ የረታ የለም።

ልጁ ሲወለድ ጀምሮ ልቡ ደካማ ነበር። እናቱ ሁለቱን ልጆች ትታባቸው ከሞተች ወዲህ አያት እንደ እንቁላል ነው ይዘው ያሳደጉት። ኳስ የለ፣ ብስክሌት የለ፣ ደረጃ እንኳ እያረፈ ነው የሚወጣው። የሞባይል ጥገናውንም የመረጡለት እሳቸው ናቸው። አንድ ቀን፣ «አያቴ፣ ድራም መማር እፈልጋለሁ፤ እሱ ቁጭ ተብሎ ነው የሚሠራው» አላቸው። ቁጭ መባሉን ብቻ ሰሙና እሺ አሉ። ድራሙ መጥቶ የመጀመሪያዋን ሲመታት ጣሪያው የተናደ መስሏቸው ከኩሽና በባዶ እግራቸው ሮጡ። ምን ያደርጋል፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ። «እንግዲያው ከዓይኔ ሥር ትመታታለህ» ብለው የኋላውን ክፍል ለቀቁለት።

የሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ ስልኩ ተሰብሮበት ሊያሠራ ሄዶ፣ ልጁ በወረንጦ ጠረጴዛ ሲመታ አገኘው። ስልኩን ረስቶ ተመለሰና ሱቁ ግድግዳ ላይ አቧራ የጠጣ ጊታሩን አውርዶ መጣ። የጎኑ ልብስ ሰፊ ደግሞ፣ «ቤዝ ጊታር አራት ክር ነው ያለው አሉኝ፤ በክር ከሆነ ማንም አይቀድመኝም» እያለ ተከተለ። እህትየው ዘፋኝ የሆነችው ከዚያ ሁሉ ሁካታ በላይ የሚሰማ ድምፅ ስላላት ነው። መጀመሪያ ላይ አብረው ጀምረው ለየብቻ ይጨርሱ ነበር፤ እንደ ታክሲ ተሳፋሪ እያንዳንዱ በየፌርማታው ይወርዳል።

አያት ከበሩ ኋላ ሆነው ያዳምጣሉ። ሙዚቃው አይደለም የሚሰማቸው፣ የልጁ ልብ ነው። ምቱ ፈጠን ሲል በሩን በርግደው ይገቡና፣ «በቃ! ልጄን ልትጨርሱት ነው? ውሃ ይጠጣ!» ይላሉ። እጅ ሁሉ ባለበት ይደርቃል። ልጁ እየሳቀ ይጠጣል፤ እሳቸው ይወጣሉ፤ ባንዱም ካቆመበት ይቀጥላል። በየልምምዱ እንዲሁ ነበር።

አሁን አያት ግድግዳዬን እንዳይፍቁብኝ ብለው ወደ ኋላው ክፍል ገቡ። ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ብሎን ይፈታል። ፀጉር አስተካካዩ ዓይኑ ቀልቷል። አያት ሁሉንም አዩና፣ ስንት ቀን የያዙትን ጥያቄ አወጡት።

«እውነቱን ንገሩኝ። ሲመታ ይደክመው ነበር?»

እህቱ ከኋላቸው ተከትላ ገብታ ነበር።

«ይደክመው ነበር» አለች እህቱ።

«ታዲያ ምነው ዝም አላችሁ? ጨካኞች!»

«እንቆም ነበር፣ አያቴ።»

«እማማ» አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ «በሩን እየከፈቱ ሲያስቆሙን መጀመሪያ እንበሳጭ ነበር፤ አልዋሽዎትም። አንድ ጊዜ ሠርግ ተጠርተን ስንጫወት፣ እርስዎ የሚያስቆሙን እዚያችው ቦታ ላይ ስንደርስ የሁላችንም እጅ በራሱ ጊዜ ቆመ። እርስዎ የሉ፣ በር የለ! ሙሽሮቹ ቀጥ፣ እኛም ቀጥ። እሱ ብቻ ሳቀ። ትንፋሹን ሰበሰበና አስነሳን። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ከዚያ ወዲህ ዘፈናችን ሁሉ መሐሉ ላይ ይቆማል።»

«ሌሎች ባንዶችም መስረቅ ጀምረዋል» አለ ልብስ ሰፊው። «የሰረቁት የእርስዎን ቁጣ መሆኑን ግን አያውቁም።»

እህቱ ልትስቅ ብላ አለቀሰች። «አብሮ መጨረስ ያቃተን ሰዎች ነበርን፣ አያቴ። አብሮ መቆምን ያስተማርሽን አንቺ ነሽ። እሱም የሚያርፈው እዚያ ነበር።»

ይሄ ያጽናናል? አያጽናናም፤ ልጁን አይመልሰውም። አያት ግን አሰቡ። እዚህ ክፍል ውስጥ ሲደክመው አራት ሰው አብሮት ይቆም ነበር። እዚያ ጠረጴዛ ላይ፣ እሳቸው አይጎዳውም ብለው የመረጡለት ሥራ ላይ፣ ብቻውን ነበር። በር ከፍቶ «በቃ፣ ውሃ ጠጣ» ያለው የለም።

ከሳሎን ጎረቤቷ፣ «ወጣ? ተገላገላችሁ?» ስትል ተሰማ።

ሁለቱ ትልቁን ድራም አነሱ። በሩ ጠባብ ነው፤ ልብስ ሰፊው የኋሊት እየሄደ አንድ እግሩን ደፉን አሻገረ። ይሄኔ አያት ጠጋ ብለው የድራሙን ጠርዝ ያዙ።

«ይተዉት እማማ፣ ይከብዳል፤ እኛ እንችለዋለን።»

አልተዉትም። ልብስ ሰፊው የሚያግዙት መስሎት ትንሽ ጠበቀ። ኋላ ነው የገባው፤ እያነሱ አልነበረም፣ ወደ ውስጥ እየሳቡ ነበር። የአሮጊት ጉልበት ምን ያህል ነው፣ ጠንከር አድርጎ ቢስበው ያልፍ ነበር። ያሻገረውን እግሩን መለሰ።

«ቀስ» አሉ አያት፣ «በሩ ጣትህን እንዳይጨፈልቀው።»

ድራሙ መሬት ካረፈ በኋላም እጃቸው ጠርዙን አልለቀቀም።