መስኮት ላይ የዋለው ብልቃጥ

"አራት፣ አምስት፣ ስድስት…"

ዓይኗን ከማይክሮስኮፑ አነሳችና እንደገና ዝቅ አለች። ስድስት ነው። የጫጩት ክንፍ ያለው ሦስት ጣት ብቻ ነው፤ የቤተ ሙከራው ረዳት ሆና አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስትቆጥር የኖረችው ይህንኑ ነው። ቀጣዩን ፅንስ አየች። አምስት። የሚቀጥለው ደግሞ ስድስት። ጣቶቹ መስታወት ፊት የተያዙ ይመስል ተገልብጠው ተደግመዋል።

ሬቲኖይክ አሲድ ሰውነት ከቫይታሚን ኤ የሚሠራው ነገር ነው፤ ለብጉር መድኃኒትነትም ይሰጣል። ፅንሱ የትኛውን ጣት የት እንደሚያበቅል በማሳየት ይረዳዋል፤ ሲያንስም ሲበዛም ጣጣ ያመጣል። ቤተ ሙከራው ሁለት ዓመት የደከመው "በዛ የሚባለው ስንት ሲሆን ነው?" የሚለውን ለማወቅ ነበር። ከአራት ወር በፊት ትንሹ መጠን ምንም ጉዳት እንደሌለው ታየ። ምርምሩን የሚመራው ዶክተር ጮቤ ረገጠ። የምርምር ጽሑፉም ተዘጋጀ፤ ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ለመጽሔት ይላካል። የዛሬው ቆጠራ ለወጉ ያህል የተደገመ ነበር። የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የትንሹ መጠን ብልቃጥ አልቆ በአዲስ ተተክቷል።

ወዲያው ገባት።

ከአራት ወር በፊት፣ አሮጌውን ብልቃጥ ያወጣችበት ቀን፣ እናቷን ቀብራ ወደ ሥራ የተመለሰችበት የመጀመሪያው ቀን ነበር። መድኃኒቱ ብርሃን አይወድም፤ ብርሃን ካገኘው ኃይሉ ይሞታል፤ ከማቀዝቀዣ የሚወጣው ተሸፍኖ፣ መብራት ደብዘዝ ተደርጎ ነው። የአልሙኒየም ወረቀቱን ገልጣ ልትቀዳ ስትል ስልኳ ጠራ። ስክሪኑ ላይ "እማዬ" ይላል።

"እታለም፣ እኔ ነኝ" አለ ታናሽ ወንድሟ። "ስልኳን ላምጣልሽ ወይስ መስመሩን ላዘጋው?"

ምን እንደመለሰችለት አታስታውስም። ደረጃው ላይ ተቀምጣ ቀረች። ስትመለስ ሰባት ሰዓት ሆኗል፤ ብልቃጡም መስኮቱ ሥር ፀሐይ ሲመታው አርፍዷል። "ምን ይሆናል ብለሽ ነው" አለች ለራሷ፤ ሸፍና መለሰችው። ለማንም አልተናገረችም። ለነገሩ ማን ጠይቋት?

የዶክተሩን በር አንኳኳች።

"እመት እንቁላል!" አላት። ይህን ስም ያወጡላት ተማሪዎቹ ናቸው። "ይግቡ፣ ይግቡ! ስምዎ በትክክል መጻፉን ሊያዩ መጡ አይደል?"

በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ስሟ ጽሑፍ ላይ ሲወጣ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

"ስድስት ጣት አለው፣ ዶክተር።"

"ማን?"

"ጫጩቱ። ከአሥራ ሁለቱ አሥራ አንዱ ትርፍ ጣት አላቸው። በትንሹ መጠን።"

ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። "አዲሱ ብልቃጥ ሲበጠበጥ መጠኑ በዝቶ ይሆናላ።"

"ሁለቴ ለክቼዋለሁ፤ ደህና ነው። የሞተው አሮጌው ነው። የገደልኩትም እኔ ነኝ። ብርሃን ላይ ትቼው ወጣሁ።"

"ለስንት ደቂቃ?"

"ከሦስት እስከ ሰባት ሰዓት።"

"አራት ሰዓት? ምን ገጥሞዎት ነው?"

"ስልክ ተደውሎልኝ።"

ቀና ብሎ አያት። የሐዘን ፈቃዷን በገዛ እጁ የፈረመላት እሱ ነበር፤ ግን ፊቱ ላይ ምንም ያስታወሰ ነገር አልታየም። እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አንከባለለ።

"ማን ያውቃል?"

"እርስዎና እኔ።"

"እንግዲያው ሰኞ እንነጋገርበታለን።"

"የሚላከው ዛሬ አይደል እንዴ?"

"እትዬ፣ ልፋት አለበት እኮ። የተማሪዎቹ መመረቂያ አለበት። የእርስዎም ስም አለበት።"

"ለዚሁ እኮ ነው የመጣሁት" አለች። "አንዷ እርጉዝ 'ትንሽ ከሆነማ አይጎዳም' ብላ ብትወስደውስ?"

ፊቱን ወደ ኮምፒውተሩ አዞረ። በሩን ቀስ ብላ ዘግታ ወጣች።

ቤተ ሙከራው ባዶ ነበር። ተማሪዎቹ ምሳ ሄደዋል። የእንቁላሎቹ ማሞቂያ ሳጥን ብቻ ያጉረመርማል። የጋራውን መዝገብ አወረደችና የአራት ወር በፊቱን ገጽ ፈለገች። በራሷ ጽሕፈት "ሁሉም በደንቡ ተሠርቷል" ይላል። አሮጌው ጽሑፍ እንዲነበብ በአንድ መስመር ብቻ ሰረዘችው፤ ከሥሩም ብልቃጡ ስንት ሰዓት እንደወጣ፣ ስንት ሰዓት እንደተመለሰ፣ መስኮቱም በየት በኩል እንደሆነ ጻፈች። የዛሬውንም ቁጥር አከለችበት። "ምክንያት" የሚለው ቦታ ላይ ስትደርስ እስክሪብቶው እጇ ላይ ቆመ። "የሠራተኛ ስህተት" ልትል ነበር። ተወችውና "እናቴ ሞታብኝ ነበር፤ አልተናገርኩም" ብላ ጻፈችና ፈረመች። ከፈቃድ ማመልከቻው በቀር በዚህ ሕንፃ ውስጥ ይህን ስታወጣው የመጀመሪያዋ ነው፤ ያውም ለወረቀት።

ከደረጃው በኩል የተማሪዎቹ ሳቅ ተሰማ። መዝገቡን መደርደሪያው ላይ መመለስ ትችል ነበር። ሁሉም በሚሰበሰቡበት ረጅም ጠረጴዛ መሐል፣ ገጹን እንደተከፈተ አስቀመጠችው። ከዚያ ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠችና ጠበቀቻቸው።