ባዶዎቹ አግዳሚዎች

ዴንቨር ኮዲል ስለ ባዶዎቹ አግዳሚዎች ሲናገር ስንት ጊዜ ሰምተሃል ብባል መልሴ «ከሚበቃኝ በላይ» ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ከኋላው ተቀምጬ ስቲል ጊታር ተጫውቼለታለሁ፤ የምንዞርበትን አውቶቡስ የምነዳውም እኔው አርሊስ ነኝ። የት ላይ ትንፋሹን እንደሚስብ፣ መቼ ባርኔጣውን እንደሚያወልቅ፣ የትኛው ቃል ላይ ድምፁ እንደሚሰበር አውቃለሁ። ድምፁ የሚሰበረው ከልቡ ነው። እኔን ያስቸገረኝም ይኸው ነው፤ አስመሳይ ቢሆን ኖሮ ገና ድሮ አፉን ባስያዝኩት።

ታሪኩ እንዲህ ነው። የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ተንዶ አባቱን ሲገድልበት ዴንቨር የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበር። አባቱ በተቀበረ በሳምንቱ እሑድ እናቱ ቨርዲ አራት ልጆቿን አስከትላ ቤተ ክርስቲያን ገባች። ከአግዳሚ ወንበሮቹ ግማሹ ባዶ ነው። «ያን ቀን ገባኝ» ይላል ዴንቨር ባርኔጣውን አውልቆ። «ድሃ አጠገብ የሚቀመጥ ሰው የለም። ከዚህ በኋላ በራሴ እግር እቆማለሁ አልኩ።» ቤት ሲመለስ አልጋው ላይ ጊታር ያገኛል። እናቱ «አባትህ ለገና ደብቆልህ የነበረ ነው» ትለዋለች።

በሃያ ሦስት ዓመቱ ስለዚያ ጊታር የዘፈነው ዘፈን አገር ምድሩን አዳረሰ። አሥራ አምስት ዓመት ያህል ሬዲዮ በተከፈተ ቁጥር የሚሰማው ዴንቨር ነበር። በኋላ ሱሪያቸው የተጣበቀ ወጣቶች መጡና ሬዲዮው ረሳን። እኔ የጭነት መኪና ልነዳ ስሰናዳ አንድ የኢንሹራንስ ኩባንያ ሻጮቼን አነቃቃልኝ ብሎ ጠራው። ሁለት ዘፈን ዘፈነ፣ ስለ ባዶዎቹ አግዳሚዎች ተናገረ፣ አራት መቶ ከረባት ያሰረ ሰው ተንሰቀሰቀ። ከዚያ ወዲህ ከዘፈኑ ይልቅ ንግግሩ ይፈለጋል፤ ነርሶች፣ የኳስ ቡድኖች፣ እስር ቤት ሳይቀር። ባገኘው ገንዘብ «ባዶው አግዳሚ» የሚባል የበጎ አድራጎት ድርጅት አቋቋመ፤ የከሰል ማዕድን በተዘጋባቸው መንደሮች ላሉ ተማሪዎች ቦርሳ፣ ጫማና ካፖርት ያድላል። ልቡ ደግ ነው፤ ይህን ማንም አይነሳውም።

አግዳሚዎቹ ለምን ባዶ እንደነበሩ ግን እኔ አውቃለሁ። እዚያ ካልነበሩት አንዱ እኔ ነበርኩ።

እኛ ዘንድ ሐዘን የገባበት ቤት ሲኖር እያንዳንዱ ጎረቤት ከጓዳው አንድ አንድ ፓውንድ፣ ግማሽ ኪሎ ያህል፣ ይዞ ይሄዳል፤ ዱቄት፣ ስኳር፣ ባቄላ፣ የአሳማ ስብ። ቨርዲ ግን ኩሩ ነበረች፤ በፊት ለፊት በር ብንመጣ ትመልሰናለች። ስለዚህ የመንደራችን የሎረል ፎርክ ሰው እሷ ቤተ ክርስቲያን እስክትገባ ጠብቆ በጓሮ በር ገባ። ሰባኪው ምስጢሩን ያውቅ ስለነበር የመክፈቻውን መዝሙር እየደጋገመ አዘመረ። እኔ ባቄላ ታቅፌ ከእናቴ ከኢዴላ ኋላ ኋላ ስከተል፣ እሷ የያዘችው የወንድሜን የዶይልን ጊታር ነበር። ዶይል ቬትናም ሲሞት ሠራዊቱ ከጫማው ጋር የላከልን ነው፤ ሦስት ዓመት አልጋ ሥር ተቀምጧል፣ ከቤታችን ሰው በቀር ያየውም የለም። «ዱቄቱ ለሆድ ነው፤ ልጁ ደግሞ ሌላም ነገር ያስፈልገዋል» አለች እንጂ ሌላ አልተናገረችም።

በማግስቱ ቨርዲ ቤታችን መጣች። ለልጆቿ ዱቄቱን የከሰሉ ኩባንያ ላከው፣ ጊታሩን አባታችሁ ደበቀው ብላቸዋለች። «ኢዴላ፣ በሞቴ፣ እንዳታወጪብኝ። ልጆቼ ምጽዋት በላን ብለው አንገታቸውን ደፍተው እንዳያድጉብኝ» አለች። እናቴ ቃል ገባች። መንደሩ በሙሉ ቃል ገባ። እኔም ገባሁ፤ እናቴ ቀበቶ አሳይታኝ።

እነሆ አርባ አንድ ዓመት። ብነግረው አንድ መንደር ሙሉ ሰው አተርፍለታለሁ፣ የአባቱን የመጨረሻ ስጦታ ግን እነጥቀዋለሁ። እሱ የወንድሜን ጊታር አቅፎ «አባቴ» ባለ ቁጥር ጥርሴን ነክሼ እጫወታለሁ።

በአርባ አንደኛው ዓመት ፀደይ ላይ ቨርዲ አረፈች። ነሐሴ ሲገባ ዴንቨር ቦርሳ ሊያድል ወደ ሎረል ፎርክ ትምህርት ቤት ተነሣ። እናቴ ንግግሩን ሰምታው አታውቅም፤ ዘንድሮ ግን ከፊት እቀመጣለሁ ብላለች።

«አንድ ነገር ልለምንህ» አልኩት መሪውን እንደያዝኩ። «ዛሬ አግዳሚዎቹን ተዋቸው።»

«ለምን ሲባል?»

«የሚሰሙህ እኮ ራሳቸው ሰዎቹ ናቸው።»

«ታዲያ ይስሙኛ! ሰደብኳቸው እንዴ? መጨረሻ ላይ ይቅር ብያችኋለሁ እል የለም?»

«የባሰውማ እሱ ነው።»

«አንተ ሰውዬ፣ እርጅና ተጫጭኖሃል። አግዳሚዎቹን ትቼ ስለ ምን ልናገር? ስለ ኮሌስትሮሌ?»

ተናገረ። የቅርጫት ኳስ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ባርኔጣውን ሲያወልቅ ሽማግሌዎቹ ወደ ጫማቸው አቀረቀሩ። ያኔ አንድ ጣሳ ስብ ተሸክሞ በጓሮ የገባ ሰውዬ መነጽሩን አውልቆ ይወለውል ጀመር። እናቴ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። «ይቅር ብያችኋለሁ» ሲል ሰዉ አጨበጨበለት፤ እሷም አጨበጨበች። ያ ጭብጨባ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ቀጥሎ ልጆቹ እየተጠሩ መድረክ ላይ ይወጣሉ፣ ቦርሳ ይቀበላሉ፣ ከዴንቨር ጋር ፎቶ ይነሳሉ። ማኬና የምትባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ ስትጠራ እናቷ ትሬሳ እጇን ለቀም አደረገቻት። «ነይ፣ እንሂድ። ፎቶ የሚፈልግ የራሱን ልጅ ያቁም!» አለችና ወጣች። የትሬሳ ባል ማዕድኑ ከተዘጋ ወዲህ ሥራ ፍለጋ እንደሄደ ነው። ዴንቨር ቦርሳውን አንጠልጥሎ ቀረ።

ማታ እራት እናቴ ቤት ነበርን፤ ባቄላ፣ የበቆሎ ዳቦ፣ ጥሬ ሽንኩርት። ዴንቨር በመጣ ቁጥር እናቴ አንድ የምታደርጋት ነገር አለች፤ የዶይልን ፎቶ ከግድግዳው አውርዳ መሳቢያ ውስጥ ትከተዋለች። ፎቶው ላይ ዶይል የጦር ካምፕ አልጋ ላይ ተቀምጦ ያንኑ ጊታር ታቅፏል።

«እኔ ምን አጠፋሁ?» አለ ዴንቨር ማንኪያውን እያንቀሳቀሰ። «ቦርሳ ነው እኮ የሰጠሁት።»

«አንተ ያየኸው ቦርሳውን ነው» አለች እናቴ። «እሷ ያየችው ልጇ በአደባባይ ድሃ ስትባል ነው።»

«ማን አላት? ማንም አላላት!»

«ካሜራው አላት።»

 ዴንቨር ሳህኑን ገፋ አደረገ። «እማማ፣ ዕድሜ ልኬን ልጠይቅዎ እየፈለግሁ አፍሬ ነው። እንደሚወዱኝ አውቃለሁ። ግን ያን እሑድ የእርስዎም ቦታ ባዶ ነበር። የት ነበሩ?»

«ሥራ ነበረብኝ።»

«እሑድ ቀን?»

«አጥፍቻለሁ ልጄ» አለች እናቴ። «ይቅር በለኝ።»

ሰማንያ ስምንት ዓመቷ ነው። በገዛ ማዕዷ ላይ፣ ስለ ደግነቷ ይቅርታ ስትጠይቅ ሰማሁ። ከዚያ በኋላ ቀበቶም ቢመጣ ግድ አልነበረኝም።

«እናንተ ቤት ነበረች!» ብዬ ጮህኩ። «እናንተ ጓዳ! እኔም ነበርኩ! ያን ዓመት ክረምት የበላኸውን ዱቄት ማን ያመጣው መሰለህ? ኩባንያው? ኩባንያው ለአባትህ የሬሳ ሣጥን እንኳ አልላከም!»

«አርሊስ!» አለች እናቴ።

«ቃል የገባሽላት ቨርዲ ሞታለች እማዬ። ይብቃ!»

ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ የጓሮውን በር፣ የስቡን ጣሳ፣ የቨርዲን ልመና። ዴንቨር አንዴም አላቋረጠኝም። 

«መዝሙሩ…» አለ ስጨርስ። «ያን ቀን መዝሙሩ አላልቅ ብሎ ነበር። እግሬ እስኪደነዝዝ ቆመናል።» አይቼው በማላውቀው ዓይን ቀና ብሎ አየኝ። «ጊታሩስ?»

አፌን ከፈትኩ። እናቴ ጠረጴዛው ሥር ጭኔን ቆነጠጠችኝ፤ እንደ ሕፃን።

«ጊታሩ የአባትህ ነው» አለችው። እናቴ ስትዋሽ ሰምቼ አላውቅም። ያን ማታ ግን ዓይኗን ሳትሰብር ዋሸች።

ዴንቨር ግድግዳውን ቀና ብሎ አየ። ከዶይል በቀር የቤታችን ሰው ሁሉ ተሰቅሏል፤ የአክስቶቼ ሠርግ፣ የእኔ ምርቃት፣ ሞታ የቀበርናት ውሻችን ሳትቀር። ከመሃል አንድ ባዶ ምስማር አለ፤ ከሥሩ ቀለሙ ያልደበዘዘ አራት ማዕዘን። ረጅም ጊዜ አየው። ወጣና ጊታሩን ከአውቶቡሱ አምጥቶ እናቴ ጭን ላይ አኖረው።

በተጣመሙ ጣቶቿ ከክሮቹ በታች እንጨቱ የተበላበትን ቦታ ዳበሰችው። ከቤቷ ከወጣ ጀምሮ ነክታው አታውቅም።

«አባትህ ጥሩ አድርጎ ነው የመረጠልህ» አለች።

«አዎ እማማ።» ድምፁ ተሰበረ፤ እኔ በማላውቀው ቦታ ላይ። «እርስዎ ጋ ይቀመጥ።»

«ምን ላድርገው? ሌላ የሚዘፍን ልጅ የለኝ።»

እኔ እዚያው ተቀምጫለሁ እንግዲህ። ሠላሳ አንድ ዓመት በየዘፈኑ ዝማሬ የተቀበልኩ ሰውዬ! 

ዴንቨር ጊታሩን ተቀብሎ ተነሣ። በሩ ላይ ሲደርስ ዞር አለ። «እማማ፣ ፎቶውን ወደ ቦታው ይመልሱት። ከእኔ አይደብቁት።» እናቴ እኔን አየችኝ። እኔ የበቆሎ ዳቦውን አየሁ።

በማግስቱ ቅዳሜ ፎቶ አንሺውን አሰናበተው፣ እሑድ ሌላ ከተማ የነበረበትን ንግግርም ሰረዘ። ቀኑን ሙሉ ትናንት «ይቅር» ያላቸውን ሰዎች በር ሲያንኳኳ ዋለ። ምን ብሎ ይቅርታ እንደጠየቃቸው አልነገረኝም። የስቡ ሽማግሌ ግን «አፈርኩ ብሎ ለትሬሳ ቤት ስብ ሲለምነኝ፣ እኔ ደግሞ አንድ ጣሳ ይበቃል ወይ አልኩት» ብሎ አጫወተኝ።

እሑድ ትሬሳና ማኬና ቤተ ክርስቲያን ከገቡ በኋላ ከመንደሩ ሰው ጋር በቤታቸው ጓሮ በር ገባን። ዱቄት፣ ስኳር፣ ባቄላ፣ ቡና፣ ፓውንድ በፓውንድ። ዴንቨር የትምህርት ቤት ቦርሳውን ወንበር ላይ አንጠልጥሎ «ባዶው አግዳሚ» የሚለውን የክር ጽሑፍ በኪሱ ቢላዋ ፈትቶ አወጣው። አንዱ የዱቄት ከረጢት ቀዳዳ ኖሮት ሁለታችንም እስከ ክርናችን ነጭ በነጭ ሆንን።

ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ስንደርስ መዝሙሩ ገና አላለቀም፤ ሰባኪው ስንኝ አልቆበት ከመጀመሪያው ጀምሯል። ሌሎቹ ገና ከኋላ በመንገድ ላይ ናቸው። እኔና ዴንቨር ቀስ ብለን ገባን። ማኬና እናቷን ተጠግታ ቆማለች፤ አንገቷን አዙራ ባዶዎቹን አግዳሚዎች አንድ በአንድ ታያለች። ያን ፊት አወቅሁት፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሲነገረኝ ኖሬአለሁ። ዴንቨርም አወቀው፤ መተላለፊያው መሃል ላይ ቀጥ ብሎ ቀረ። ሊነግራት አይችልም። ትሬሳ አጠገቧ ናት።

ሄዶ እነሱ አግዳሚ ላይ፣ ከልጅቷ ጎን ቆመ። ዱቄት የነካውን እጁን በባርኔጣው ሸፈነ።

«ሰዉ ሁሉ የት ሄደ?» አለችው በሹክሹክታ።

«እየመጡ ነው» አላት ዴንቨር። «ቦታ ያዢላቸው።»

ልጅቷ የመዝሙር መጽሐፏን ከጎኗ ባዶው ቦታ ላይ አስቀመጠች።